ከባሕር ማዶ የመጣችን የነርስ ተማሪ በወሎ ሆስፒታል ማለማመድ

ለተግባር ልምምድ ከውጭ አገር የመጣች የነርስ ተማሪ በደሴ፣ በቦሩ ሜዳ ወይም በወልድያ ሆስፒታል ስትመደብ፣ የሚቀበላት ነርስ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን መድኃኒት የት እንደሚቀመጥና ጓንት ከማን እንደሚወሰድ በማሳየት ያሳልፈዋል። ይህ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ነው። የደም ግፊት መለካቱንና ግሉኮስ መስቀሉን ትምህርት ቤቷ አስተምሯታል፤ የወሎን ታማሚ አነጋገር፣ የዘመን አቆጣጠርና ልማድ ግን ከእኛ በቀር የሚያስረዳት የለም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ በሰዓት አጻጻፍ ተስማሙ። እኛ ማታ 2 ሰዓት የምንለው እሷ በለመደችው አቆጣጠር 20 ሰዓት ነው፤ ቻርቱ ላይ 2 ቁጥርን ብቻ ካየች ግን 14 ሰዓት ብላ ልትረዳው ትችላለች፤ ያኔ በየ12 ሰዓቱ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ 6 ሰዓት ቀድሞ ይሰጣል። ስለዚህ በዋርዱ (በታማሚዎች መኝታ ክፍሉ) ልማድ የተጻፈውን እያንዳንዱን ሰዓት በማስታወሻዋ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጭምር ትያዘው፤ መድኃኒት ከመስጠቷም በፊት ሁለቱንም ጮክ ብላ ታንብብላችሁ።

በእኛና በእሷ ዘመን አቆጣጠር መካከል ያለው የዓመት ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑንም ንገሯት። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው የእርግዝና ክትትል ክፍል ነው። ከገጠር የመጣች እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ስትጠየቅ በበዓል ቆጥራ ልትናገር ትችላለች፤ «ከጥምቀት በኋላ በሳምንቱ» ወይም «መውሊድ ሲቃረብ» ትላለች። ጥምቀት ዘወትር ጥር 11 ቀን ሲውል፣ መውሊድ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ተማሪዋ የጽንሱን ዕድሜ ከማስላቷ በፊት የዚያን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ከእናንተ ጋር ትመልከት።

ታሪክ መጠየቅ ስትጀምር አጠገቧ ሁኑ። ታማሚው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ሲመልስላት «አዎ» ማለቱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ካልነገራችኋት፣ ትንፋሽ ያጠረው መስሏት ልትደነግጥ ትችላለች። «እንዴት አደሩ?» ብላ የጠየቀቻቸው አዛውንት በብርቱ ሕመም ላይ ሆነውም «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዜር ይመስገን» ብለው ይመልሳሉ፤ ይህ የሰላምታው ምላሽ እንጂ የሕመማቸው መጠን ስላልሆነ፣ ቦታውን፣ የጀመረበትን ጊዜና እንቅልፍ መንሳቱን ለብቻው ታጣራ። አንቱታን ማስተማር አይክበዳችሁ፤ «አብሽሩ» (አይዞዎት) ማለትን ከቻለችበት ደግሞ ብዙ በር ይከፈትላታል።

ሃይማኖትን ከስም እንዳትገምት አጥብቃችሁ አስጠንቅቋት። ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት የሚዛመዱበት አገር ነውና፣ የአባቱ ስም አሕመድ የሆነ ክርስቲያን፣ የአያቷ ስም ተሰማ የሆነ ሙስሊም እዚህ እንግዳ አይደሉም። በረመዳንም ሆነ 55 ቀን በሚጾመው ዓቢይ ጾም፣ ታማሚ እንዳይጾም በሁለቱም ሃይማኖቶች ቢፈቀድለትም የሚጾመው ብዙ ነው፤ ክኒኑን ተቀብሎ ትራስ ሥር የሚያኖርም ይኖራል። ስለዚህ ተማሪዋ «ጾመኛ ነዎት?» ብላ መጠየቅን ትልመድ፤ ታማሚው መድኃኒቱን አልወስድም ካለም እንቢታውን መዝግባ ከማለፍ ይልቅ ለሐኪሙ ትንገር። አንዳንዱ መድኃኒት ወደ ማፍጠሪያና ወደ ሱሑር (ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ) ሰዓት ሊዛወር ይችላል፤ የኢንሱሊንን ነገር ግን ሐኪሙ ራሱ ይወስናል። ሐኪሙ ከጾም ይታቀቡ ያላቸውን ሰው ለማሳመን ሼኹ ወይም የንስሐ አባቱ ከእኛ ይበልጥ ይሰማሉ፤ እነሱን ማስጠራት የነርስነት ሥራ አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

አስታማሚን በተመለከተ፣ በአገሯ የመጠየቂያ ሰዓት ሲያልቅ ዘመድ ይወጣ ይሆናል፤ እዚህ ግን አልጋው ሥር ነጠላ አንጥፋ የምታድረው እህት ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ትኩሳት ሲነሣም ቀድማ ትጠራለች። ተማሪዋ እጅ መታጠብንና የሽንት መጠን መያዝን ለዚህች እህት ብታስተምር፣ ሰዓቷን በደንብ ተጠቀመችበት ማለት ነው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) በሚገባበት ወይም ገላ በሚገለጥበት ጊዜ ግን መጋረጃ ይሳብ፤ ሴት ታማሚ ሴት ነርስ ከጠየቀችም ይፈጸምላት።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ የደም ኦክስጅን መጠን ንባቡ ቆላ ከለመደችው ዝቅ ሊል እንደሚችል ትወቅ።

የሥራ ወሰኗንም በግልጽ አስቀምጡላት። በአገሯ ያልተፈቀደላትን ሥራ ዋርዱ በሰው ስለተጨናነቀ ብቻ እዚህ አትሥራ፤ የታማሚን ፎቶግራፍ ለማስታወሻም ቢሆን አታንሣ። መርፌ ከወጋት ወዲያውኑ ታሳውቅ፤ ለኤች አይ ቪ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበትና ማፈርም ማዘግየትም አይገባም። በመጨረሻ የግምገማ ቅጿን ስታመጣላችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ የሠራችውን ብቻ ፈርሙላት፤ ያላያችሁትን ክፍት ተዉት።