ማገዶው ላስቲክ ቤት ውስጥ ከርሞም አልደርቅ ካለ

ሐዋሳ ላይ በሐምሌ በእንጨት እንጀራ የጋገረ ሰው ያውቀዋል። ፍልጡ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ቺስ ይላል። በጫፉ አረፋ ይደፍቃል። ምጣዱ አይግልም፣ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ዓይን ያነባል። እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውሃ በማትነን ነዋ! ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ደህና አድርጎ እንዲነድ ውሃው ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት።

ለዚህ ብዬ ግቢዬ ውስጥ በአጣናና በግልጽ ላስቲክ ትንሽ የፀሐይ ማድረቂያ ሠራሁ። ጎረቤቶቼም አይተው ሠሩ። "የእኔ አልደርቅ አለ" እያለ የሚመጣ ግን አይጠፋም። ሄጄ ሳይ ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው።

ላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ላስቲኩን በጣት ነካ ስታደርጉት ጠብታው ተንሸራቶ እንጨቱ ላይ ጠብ ይላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሆነ አያሳስብም፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ያመጣው ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ላይም ካልጠፋ ግን ቤቱ ታፍኗል።

ሙቀቱ እንዳይወጣ ብለን ጥርቅም አድርገን እንዘጋዋለን። እኔም የመጀመሪያውን እንዲሁ ዘግቼ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ፍልጡ ሁሉ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ጠበቀኝ። ፀሐይ ውሃውን ከእንጨቱ ታወጣዋለች። ከቤቱ የሚያወጣው ግን አየር ነው። መውጫ ካጣ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ እንጨቱ ላይ ይወርዳል።

መፍትሄው ቀላል ነው። በአንዱ ጎን ከታች፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ከላይ፣ ከዳር እስከ ዳር መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። የሞቀው አየር በላይኛው ሲወጣ በታችኛው አዲስ አየር ይገባል። እዚህ ከሰዓት በኋላ ከሀይቁ ወደ ከተማው ነፋስ ስለሚነሳ፣ የታችኛውን ክፍተት ወደ ሀይቁ አዙሩት። ጣራውን ዘመም አድርጉት፤ ጠብታው ወደ ዳር ይወርዳል። በጣራውና በክምሩ መካከልም አንድ ስንዝር ይኑር።

ላዩ ደርቋል፣ ሲፈለጥ ውስጡ እርጥብ ነው

ግንዱ ሳይፈለጥ ገብቷል፣ ወይም ረጅም ነው። ቅርፊት ውሃ አያሳልፍም። ውሃው በብዛት የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። ስለዚህ አሳጥሩት፤ ከ40 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ውፍረቱም ከክንድ አይለፍ። ባህር ዛፍ ከሆነ ደግሞ በትኩሱ ፍለጡት። ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ ይዞ ያስቀራል። ስትደረድሩትም አታጠጋጉት፤ በፍልጦቹ መካከል አየር ይለፍ።

ቤቱ አይሞቅም

ለአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች "ፊቱን ወደ ደቡብ" ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። ሐዋሳ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። ስለዚህ በአቅጣጫ አትጨነቁ። ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበት ቦታ ይበቃል። ላስቲኩ ላይ አቧራ ካለ እጠቡት።

ከታች ያለው በሰበሰ፣ ምስጥ በላው

እንጨቱ መሬት ነክቷል። በብሎኬት ላይ አጣና አጋድማችሁ ከፍ አድርጉት። ላስቲኩ በወራት ውስጥ ተሰነጣጥቆ ከተቀደደ ደግሞ ፀሐይ የማይችል ዓይነት ነው፤ ለግሪን ሃውስ የሚሠራውን ግዙ።

መድረቁን በምን ልወቅ?

በዓይን አትፍረዱ። ትኩስ ሳለ አንድ ፍልጥ ምረጡና በሚስማር ጭራችሁ ምልክት አድርጉበት። በሚዛን መዝኑት። 3 ኪሎ ነው እንበል። በየሦስት ቀኑ እያወጣችሁ መዝኑ። 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ቀንሶ ከዚያ ወዲያ መቀነሱን ካቆመ ደርሷል። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩም ድፍን ያለው ድምፅ ቀርቶ "ቋ!" ይላል። ያኔ ዝናብ በማያገኘው ቆርቆሮ ስር አስገቡት።