ከላፓራስኮፒ ቀዶ ጥገና በኋላ ማቅለሽለሽን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል? (ለሴቶች)

የሐሞት ከረጢት ወይም ኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ላይ ያለ ኪስት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ እየታየ ሲወጣ ቁስሉ ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሹ ነው። ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ከዚህ በፊት ከማደንዘዣ በኋላ ማስመለስ ወይም መኪና ሲሳፈሩ ማጥወልወል፣ እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያለ ማስታገሻ መውሰድ፦ አራቱም ሲገናኙ ከ10 ሴቶች 8ቱን ገደማ ያቅለሸልሻቸዋል።

1. አስቀድመው ይናገሩ

ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ «ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና ስወርድ ያስመልሰኛል» ይበሉት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ትለውጣለች፤ ቀዶ ጥገናው ሲጀመር ዴክሳሜታዞን፣ ሊያልቅ ሲል ኦንዳንሴትሮን የሚባሉ ማቅለሽለሽ የሚከላከሉ መድኃኒቶች ሊጨምርልዎት ይችላል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ምግብ ማደንዘዣው ሊሰጥ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ንጹህ ውሃ ግን 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይጠጣል። ከማታ ጀምሮ ውሃ የተከለከለች ሴት ተጠምታ ስለምትገባ ማቅለሽለሹ ሊብስባት ይችላል።

2. የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ራስጌውን ከፍ አድርገው ይተኙ። ሙሉ በሙሉ ከነቁና ከተፈቀደልዎት በኋላ በየ10 ደቂቃው አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጠጡ። አንድ ሰዓት ከረጋልዎት ወደ ግማሽ ሲኒ ይሂዱ። ካስመለሰዎት ግማሽ ሰዓት አርፈው እንደገና ከማንኪያው ይጀምሩ። ቤተሰብ «ጉልበት ይሁናት» ብሎ በአንዴ ብርጭቆ ሙሉ ሲያጠጣ ነው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው።

የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ማጥወልወል ሲጀምር ይጠይቁ፣ ማስመለስን አይጠብቁ። ኦንዳንሴትሮን ከተሰጠ 6 ሰዓት ካልሞላ ያንኑ መድገም ብዙም አይጠቅምም፤ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይመረጣል። እስኪደርስልዎት የእጅ አንጓዎን ይጫኑ፦ መዳፍ ከሚያልቅበት መስመር ሦስት ጣት ወደ ክርን በኩል፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል፣ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ለ2 ወይም 3 ደቂቃ።

3. ጋዙንና ሕመሙን

በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሆድ የሚነፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። የተረፈው ጋዝ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ስለሚቆጠቁጥ ትከሻ ላይ ያማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም 3 ቀን ይለቃል። ደሴ ብርድ ስለሆነች ጋቢ ደርበው እዚያው ክፍል ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ለ5 ደቂቃ ይራመዱ፤ ከመነሳትዎ በፊት ግን አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ሲያስልዎት ወይም ሲያስመልስዎት የታጠፈ ነጠላ ሆድዎ ላይ ይያዙ።

ጉበትዎ ጤነኛ ከሆነና ሐኪምዎ ከፈቀደ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፣ በሰዓቱ ይውሰዱ። ትራማዶል የሚያስፈልግዎት መጠን ይቀንሳል፤ ዋናው አቅለሽላሽ ደግሞ እሱ ነው።

4. ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚመለሱ ከሆነ

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከ500 ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው። በባጃጅም በታጨቀ ሚኒባስም አይሂዱ፤ ኮንትራት ይያዙ። ከሾፌሩ ጎን ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ሩቅ መንገዱ ላይ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ፌስታል ይያዙ፣ በቀበቶውና በሆድዎ መካከል ትራስ ያስገቡ። የማቅለሽለሽ ክኒን ከታዘዘልዎት ከመነሳትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ይዋጡት።

5. ቤት ውስጥ

በወሎ ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ሽታው ማቅለሽለሽን ይቀሰቅሳል፤ ለጥቂት ቀን ቡናው ጎረቤት ይፈላ። ቀጭን አጥሚት ያለ ቅቤ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ከዚያ ዘይቱ የቀነሰ ሽሮ፤ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ። ሐሞት ከረጢቷ ለወጣላት ሴት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎና ዶሮ ወጥ የመጀመሪያውን ሳምንት ይቆያት። 20 ሊትር ጀሪካን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይነሳም። የወሊድ መከላከያ ክኒን ውጠው 3 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰዎት ሌላ ይዋጡ።

6. መቼ ይመለሱ

ከ24 ሰዓት በኋላም ውሃ እንኳ ካልረጋ፣ ሆድ ተነፍቶ ፈስ ካልወጣ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ፕላዚል (የማስመለስ ማስታገሻ) እየዋጡ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ማታም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሂዱ።