ጽሑፋቸውን ለሰው ማሳየት የሚፈሩ ጸሐፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በሞጣም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ ጥሩ አድርገው የሚጽፉ፣ የጻፉትን ግን ከስልካቸው ማስታወሻ አውጥተው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ለሰው ከማሳየት የሚሸሹ ብዙ ሰዎች አሉ። ግጥሙ አልቋል፤ ወጉ ታርሟል፤ አጭር ልብ ወለዱም ደጋግሞ ተከልሷል፤ ሆኖም ጽሑፉ ወራትን እዚያው ያሳልፋል። ጎጃም የቅኔ አገር መባሉ ደግሞ ለአንዳንዱ ከኩራት ይልቅ ሸክም ይሆንበታል፤ «ከቅኔ አገር ተወልዶ ይህን ጻፈ» መባልን ይፈራልና። መፍራት በራሱ ስህተት አይደለም፤ ሥራውን ለሌላ ዓይን የሚያቀርብ ሰው ልቡ ቢደነግጥ የሚጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ስህተት የምላቸው ፍርሃቱ እንዲከርምና ሥር እንዲሰድድ የሚያደርጉትን ልማዶች ነው።

ድፍረቱ እስኪመጣ መጠበቅ

አብዛኛው ጀማሪ ድፍረት ቀድሞ እንዲመጣለት፣ ጽሑፉም ከዚያ በኋላ እንዲወጣ ይጠብቃል። ፍርሃት ግን እንዲህ አይሠራም። ሰው ከሚፈራው ነገር በሸሸ ቁጥር ወዲያው እፎይታ ይሰማዋል፤ እፎይታው ሽሽቱን ስለሚያጣፍጥለት በሚቀጥለው ጊዜ መሸሽ ይበልጥ ይቀልለዋል። ጽሑፉን ለመለጠፍ ከተዘጋጀ በኋላ «ነገ ይሻላል» ብሎ ስልኩን ያስቀመጠ ሰው የተሰማውን ቅለት እንደ ጥንቃቄ ይቆጥረዋል እንጂ ፍርሃቱን እየመገበ መሆኑን አያስተውልም። የሥነ ልቡና ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ፍርሃት ሲያክሙ ሰውየው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃና በተደጋጋሚ እንዲጋፈጠው የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። ድፍረቱ የሚገኘው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን በመጀመሪያው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አይገኝም።

የመጠበቁ ሌላ መልክ «ዕድሜዬ አልፏል» የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ሲሆን «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ልብ ወለዱ ለአንባቢ ሲደርስ ደራሲው 56 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለመዘግየት ማሳበቢያ የሚያደርገው እንዳይኖር ግን ከዚያ ቀደም ብለው በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፋቸውን ማሳተማቸውን መጨመር ያስፈልጋል። ትልቁ ሥራ የመጣው ከእርሱ የሚያንሰው ለአደባባይ ከበቃ በኋላ ነው።

ከማስታወሻ ደብተር በቀጥታ ወደ አደባባይ መዝለል

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ስህተት ይመስለኛል። የሚያስገርመውም በዚሁ በጎጃም ለዘመናት የቆየው የቅኔ ትምህርት ይህን ስህተት ለመከላከል ታስቦ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ደረጃን የሚጠብቅ መሆኑ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ስልት፣ ማለትም ከታወቁት የቅኔ መንገዶች በአንዱ፣ የሚማር የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ የተባለውን ረጅም ቅኔ ሊያበረክት ከማኅሌቱ መካከል አይቆምም። ቀን ላይ ከጉባኤው ራቅ ብሎ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ይደርሳል፤ የቆጠረውንም ሄዶ ለየኔታ ይነግራል፤ እርሳቸውም የተሰበረውን ቤት (የቅኔውን ስንኝ) ይጠግኑለታል፤ ምሥጢሩ ያልሠመረለትንም ያቃኑለታል። የሚጀምረው 2 ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ቀጥሎ ባለ 3 ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይመጣሉ፤ ከዚያም 5 ቤት ባለው በዋዜማና 6 ቤት ባለው በሥላሴ በኩል እያለፈ 8 ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል።

በዚህ አካሄድ ውስጥ ለፍርሃት መድኃኒት የሚሆኑት ነገሮች በግልጽ ይታያሉ። የሚቀርበው ሥራ አጭር ስለሆነ ቢበላሽ እንኳ የሚጠፋው የአንድ ቀን ድካም ነው። ሰሚው ደግሞ ማንም መንገደኛ ሳይሆን ሙያውን የሚያውቅና ተማሪው እንዲያድግ የሚፈልግ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን መታረም የዕለት ተዕለት ነገር ይሆናል፤ በጓደኞቹ ፊት ትናንት የታረመ፣ ዛሬም የሚታረም፣ አጠገቡ ያለውም ሲታረም የሚሰማ ተማሪ እርማትን እንደ ውርደት ሊያየው አይችልም። (የቅኔ ቤት ኑሮ ረኀብና ብርድ እንዳለበት፣ አንዳንዱ መምህርም ቍጡ እንደሆነ አልዘነጋሁም፤ የማነሣው የትምህርቱን አደረጃጀት ነው።)

የዘመኑ ጀማሪ ግን ለአንድም ሰው አንብቦ የማያውቀውን ረጅም ታሪክ በሺህ የሚቆጠሩ የማያውቃቸው ሰዎች ወዳሉበት ግሩፕ በአንድ ሌሊት ይወረውራል። የመጀመሪያው ተሳላቂ ሲመጣ ደግሞ ጽሑፉን አጥፍቶ ይወጣል፤ «ሞክሬው ነበር፤ አልሆነም» እያለም ዓመት ይቀመጣል። የሞከረው ግን የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ነው።

ደረጃውን ዛሬ መሥራት አያስቸግርም። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው፤ ያ ሰው የሚያነብና እውነቱን የሚናገር ቢሆን ይመረጣል፤ እናት ምን ቢጻፍ «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» ማለታቸው ስለማይቀር ለብርታት እንጂ ለእርማት አይሆኑም። ቀጥሎ በቴሌግራም የግል ቻናል ከፍቶ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰዎች ብቻ የቻናሉን መግቢያ ሊንክ መላክ ይቻላል፤ የግል ቻናል በፍለጋ አይገኝም፤ የውይይት ግሩፕ ካልተያያዘለት በስተቀርም ከጽሑፉ ሥር አስተያየት መጻፊያ አይኖረውም። ከዚህ በኋላ በፌስቡክ ተመልካቹን «ጓደኞች» በሚለው ወስኖ መለጠፍ፣ በመጨረሻም ለሁሉ ክፍት ማድረግ ይመጣል። በየደረጃው የሚቀርበው ጽሑፍ አጭር ይሁን፤ አራት ስንኝ ወይም አንድ አንቀጽ ይበቃል። ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመሻገርም የቀን ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ያለበት ደረጃ መሰልቸት ሲጀምር መሻገር ነው።

ሁሉም ሰው የሚያየው እኔን ነው ብሎ ማሰብ

በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር ምስል ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ ምስሉን እንዳስተዋሉ ገምተው ነበር፤ በእርግጥ ያስተዋለው ግን ሩብ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉን የለጠፈ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የተሳሳተው ፊደል አገር ሁሉ የተነጋገረበት ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ከእርሱ በፊት የለቅሶ ማስታወቂያ፣ ከእርሱ በኋላ የኳስ ውጤት እያየ ያለፈ ሰው ነው።

ጥናቱን ወደ ዳንግላ ወይም ወደ ቢቸና ስናመጣው ግን አንድ ነገር መጨመር አለብን። በትንሽ ከተማ ሰው ይተዋወቃል፤ አንባቢው የእድር ጸሐፊው፣ የቀድሞ መምህሩ ወይም አክስቱ እትዬ እገሊት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ይሉኝታው ባዶ ቅዠት ነው ብሎ መዝለፍ አግባብ አይደለም። የሚበጀው የሚፈራውን ሰው በስም መለየት ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ «ጋሼ እገሌ ምን ይሉኛል» ወደሚል ሲጠብ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ከሁለትና ከሦስት ሰው አያልፍም። ፌስቡክ ላይ እነዚያን ሰዎች ብቻ ለጊዜው ከተመልካች ማስቀረት ስለሚቻል ስለ ሁለት ሰው ተብሎ ሌላውን አንባቢ ሁሉ መከልከል አያስፈልግም።

በይቅርታ መጀመር

«ጀማሪ ስለሆንኩ ስህተቴን ይቅር በሉኝ»፣ «በችኮላ የጻፍኩት ነው»፣ «ግጥም እንኳ ላይባል ይችላል» የሚሉ መግቢያዎች ትሕትና ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንባቢው ገና ሳያነብ ጉድለት እንዲፈልግ ማሰማራት ነው። ይሰረዙ።

ዝምታን እንደ ፍርድ መቁጠር

በቴሌግራም ቻናል ላይ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ስንት ጊዜ እንደታየ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ልብ ብሎ ያየ ሰው ጽሑፉን ካዩት መካከል ምልክት የሚያደርጉት ጥቂቶች፣ ቃል የሚጽፉት ደግሞ ከእነዚያም ጥቂቶች መሆናቸውን ይረዳል። ፌስቡክ ላይ በግል ገጽ ለሚለጥፍ ሰው ይህ ቁጥር ስለማይታየው ያልተናገረውን ሁሉ እንዳላነበበ፣ ወይም አንብቦ እንደናቀ ይቆጥረዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ መስመሩ ሲቆራረጥ ጽሑፉ ለብዙዎች የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ወደደውም ጠላውም፣ መንገድ ላይ ሲገናኝ ካልሆነ በቀር ሐሳቡን በጽሑፍ የመግለጽ ልማድ የሌለው አንባቢም ብዙ ነው። ስለዚህ ከለጠፉ በኋላ በየደቂቃው ስልክ መክፈት ራስን ማሰቃየት ነው፤ እስከ ማግስቱ አለማየት ይሻላል። መልስ የሚፈለግ ከሆነም በጥቅሉ «እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ ለይቶ መጠየቅ ይጠቅማል፤ «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ማን እየተናገረ እንደሆነ ተረድታችኋል?» የሚለውን ጥያቄ ዓይን አፋሩ አንባቢም ሊመልሰው ይችላል።

አስተያየትን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን

ከሚመጣው አስተያየት አንዱ ክፍል ስለ ጽሑፉ ነው፤ «ይህ ስንኝ ቤት አልመታም»፣ «መጨረሻው ተቻኩሏል» ይላል። ይህ ቃሉ ቢጎመዝዝ እንኳ የየኔታን እርማት ያህል ዋጋ አለውና ተቀብሎ ማመስገን ይገባል፤ መታረም ያለበት ነገር ካለም በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማስተካከል ይቻላል። ሌላው ክፍል ስለ ጸሐፊው ነው፤ ትውልዱን፣ መልኩን፣ ጾታውን፣ ወገኑን የሚያነሣ ሁሉ ጽሑፉን አላነበበም ማለት ነው። ለእርሱ መልስ መስጠት ሌሎች ተሳላቂዎችን መጥራት ስለሆነ አስተያየቱን ማጥፋትና ሰውየውን ማገድ የማንም መብት ነው። በተለይ ሴቶች ጸሐፊዎች የሚደርስባቸው ስድብ ከወንዶቹ የሚብስ በመሆኑ «ቻዪው» የሚለውን ምክር አልደግፍም፤ ማገድ ሽንፈት አይደለም። ከሁለቱ መካከል የሚወድቅ፣ ቅንነቱም ክፋቱም ያልለየ አስተያየት ሲያጋጥም አንድ ሌሊት አሳድሮ በማግስቱ ማንበብ ይበቃል።

ይሰረቅብኛል ብሎ መቆለፍ፣ በብዕር ስም ተደብቆም መቅረት

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከሌላ ያልተቀዳ፣ ወጥ የሆነ ሥራ ተጽፎ ከተቀመጠበት ጊዜ አንሥቶ ጥበቃ አለው፤ ለዚህም ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ (ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብቱ) በደራሲው የሕይወት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ጥበቃው ለተጻፈው ሥራ እንጂ ለሐሳቡ ብቻ አለመሆኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በተግባር ሌባውን ተከታትሎ መክሰስ አድካሚ መሆኑ እውነት ነው፤ ቀድሞ የተለጠፈበት ቀን መታየቱ ግን ከመሳቢያ ውስጥ ካለ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ ነው።

ይኸው አዋጅ ደራሲ ስሙን ሳይገልጽ ወይም በብዕር ስም የመጻፍ መብት እንዳለው ያውቃል። የብዕር ስም በጅማሬ ላይ ልብ ያሳርፋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ምስጋናውም እርማቱም ለሌላ ሰው የተነገረ እየመሰለ ሲሄድ ነው። ቢያንስ ለሚያምኑት አንድ ሰው «ያ እኔ ነኝ» ማለት ይገባል።

ዓይን አፋርነትንና እውነተኛ አደጋን ማምታታት

ፍርሃት ሁሉ የሚሸነፍ አይደለም፤ የሚደመጥም አለ። ከመለጠፍ በፊት ልብ የሚከለክለው «ያፍሩብኛል» ብሎ ከሆነ ከላይ ባልኩት ደረጃ መሻገር ይቻላል። «ሰው ይጎዳብኛል» ብሎ ከሆነ ግን ቆም ማለት ይገባል። ስለ ብሔርና ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ግጭትና ስላልተጣራ ወሬ የሚጽፍ ሰው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጨውንም እንደሚመለከት ማወቅ አለበት። ጽሑፍ ከገጽ ላይ ቢጠፋ እንኳ ስክሪንሾቱ በሰው ስልክ ውስጥ ስለሚቀር «በኋላ አጠፋዋለሁ» የሚለው ዋስትና አይሆንም።

ከሕጉ ይልቅ ብዙዎችን የሚያጋጥመው ግን የዘመድና የጎረቤት ጉዳይ ነው። የእናትን ሕመም፣ የወንድምን ፍቺ፣ የጎረቤትን የመሬት ክርክር የሚተርክ ጽሑፍ ስሙ ቢቀየር እንኳ ቀበሌውና ሙያው ከተጠቀሰ ባለታሪኩን አገር ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አስቀድሞ ለባለታሪኩ ማንበብ ያሻል። እናት «ይኼን ተወው፣ ልጄ» ያሉት አንቀጽ ካለ ይወጣል፤ የቀረው ይለጠፋል።