ጂን በሌዘር ወደ ሕያው ሴል እንዴት ይገባል?

ሐዋሳ ላይ ይህን ርዕስ ለባዮሎጂ ተማሪዎች ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሌዘሩ ጂኑን ተሸክሞ ነው የሚገባው?» አይደለም። ሌዘሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ በር ይከፍታል እንጂ እንግዳውን አዝሎ አያስገባም። ጂኑ፣ ማለትም የዘር መመሪያ የያዘው የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ውጭ ይጠብቃል፤ የሴሉ ሽፋን ለአፍታ ሲበሳ ራሱ ሰርጎ ይገባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጃፓኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 በሌዘር ሴል በስተው ዲኤንኤ ማስገባታቸውን አሳትመዋል። በ2002 ደግሞ ጀርመን ውስጥ በፌምቶሰከንድ ሌዘር ተሠራ። ፌምቶሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለሺህ ትሪሊዮን ሲካፈል ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው በዚህኛው መንገድ ስለሆነ እሱን እንከተል። በእርግጥ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

1. ሴሉን መምረጥ። የእንስሳ ሴል ይሁን። እዚህ አካባቢ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ እንሰት ነው፤ ግን የዕፅዋት ሴል ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ለጀማሪ አይመከርም። ለእሱ በተፈጥሮው ጂን ወደ ዕፅዋት የሚያስገባው አግሮባክቴሪየም የተባለው ባክቴሪያ ይሻላል። የእንስሳውን ሴል ወለሉ ስስ መስታወት በሆነ ሳህን ላይ ዘርታችሁ 37 ዲግሪ ላይ አሳድሩት። መብራት ከሄደ ጄኔሬተሩ ቶሎ መነሳት አለበት፤ ሴል ብርድ አይወድም።

2. ጂኑን ማቅረብ። ሴሎቹን እጠቡና ቀለም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ ፕላስሚድ ጨምሩ። ፕላስሚድ ክብ ዲኤንኤ ነው። ለመማሪያ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን የያዘ ይመረጣል፤ ውጤቱ በዓይን ይታያላ!

3. መነጽር። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 800 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዓይን ቢያየው እንኳ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ ደካማ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ዓይን ያጠፋል። ለዚያው ሞገድ የተሠራ መነጽር ሳታደርጉ አትጠጉት።

4. ማነጣጠር። ሥራው እዚህ ላይ ነው። የሴሉ ሽፋን ውፍረት ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም። በማይክሮስኮፑ መጀመሪያ ኒውክለሱ፣ ማለትም የሴሉ ዲኤንኤ ያለበት ማዕከል፣ ጥርት ብሎ እንዲታይ አድርጉ፤ ከዚያ ፎከሱን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይኛው ሽፋን አምጡት። ይህ ብርሃን በውኃና በሴል ውስጥ ብዙም ሳይዋጥ ያልፋል፤ የሚበሳው ጉልበቱ በተጠራቀመበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ፎከሱ ትንሽ ከሸሸ ያው ምንም አልተደረገም ማለት ነው።

5. መተኮስ። የሌዘሩ መከለያ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ብቻ ተከፍቶ ይዘጋ። ሴሉ ላይ ትልቅ አረፋ ካያችሁ አልፎበታል፤ ጉልበቱን ቀንሱና ወደ ሌላ ሴል ሂዱ። ሁልጊዜም ሴሉ ምንም ያልሆነ ሲመስል ነው ተስፋ ያለው። ቀዳዳውን ሴሉ ራሱ ይደፍነዋል።

ሴል በሴል ስለሚሠራ ያደክማል። ብዙ ሺህ ሴል ከፈለጋችሁ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ሽፋኑ ላይ አስቀምጦ በሰፊ ጨረር መምታት ይቻላል፤ ያኔ ግን አንዱን ሴል ለይቶ መምረጥ ይቀራል።

6. መጠበቅ። ፈሳሹን ቀይሩና ሴሎቹን ወደ ሙቀታቸው መልሱ። ዲኤንኤው ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም፤ ገና ኒውክለስ ውስጥ መድረስ አለበት። ሴሉ ሲከፋፈል የኒውክለሱ ሽፋን ስለሚፈርስ የሚከፋፈሉ ሴሎች ይቀናቸዋል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አረንጓዴ ብርሃን ፈልጉ።

7. ማመሳከር። ሁለት ሳህን ጨምራችሁ አዘጋጁ፤ አንዱ ሌዘር ያገኘ ግን ዲኤንኤ የሌለው፣ ሌላው ዲኤንኤ ያለው ግን ሌዘር ያልነካው። ከሁለቱ በአንዱም አረንጓዴ ካያችሁ ውጤቱን ለማንም አታሳዩ፤ ሥራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል።