ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ያለ ገመድ አልገናኝ ሲሉ ችግሩን ከየት መፈለግ ይጀመራል?

የላፕቶፕን ስክሪን ያለ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን ለማስተላለፍ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ራውተሩ ሄዶ አጥፍቶ ያበራዋል። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝበት ሚራካስት የተባለው ስልት ራውተርም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ዋይፋይ ዳይሬክት በሚባለው መንገድ በቀጥታ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። በዚህም ምክንያት ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቤት ሊሠራ፣ ፈጣን መስመር ባለበት ቤት ደግሞ እምቢ ሊል ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚጠቀሙበትን ስልት ይለዩ። ማክ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት ኤርፕሌይን እንጂ ሚራካስትን አይደለም። ከክሮም ብራውዘር በጎግል ካስት የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ በአንድ የዋይፋይ መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ አንደኛው ለእንግዳ በተከፈተው መስመር ላይ ከሆነ አይተያዩም። ራውተሩን መመርመር ተገቢ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኬ ፊደል ጋር አንድ ላይ ይጫኑ። ኮምፒውተሩ ሚራካስትን እንደማይደግፍ የሚገልጽ መልእክት ከመጣ፣ ቴሌቪዥኑን መነካካት ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ዋይፋዩ መብራቱን ያረጋግጡ፤ ኢንተርኔት በኬብል የሚያገኝ ኮምፒውተር እንኳ ለሚራካስት ዋይፋዩ መብራት አለበት። ቀጥሎ የዋይፋዩንም የግራፊክሱንም (ምስል የሚያሳየውን ክፍል) ድራይቨር፣ ማለትም ክፍሉን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ያድሱ፣ ምክንያቱም ሚራካስት ሁለቱንም ይፈልጋል። ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ ብቻ እንዲያወርዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ድራይቨር እናድሳለን የሚሉ ሌሎች ድረ ገጾች ያልተፈለገ ፕሮግራም ሊጭኑብዎ ይችላሉ።

መልእክቱ ካልመጣና በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ የቴሌቪዥኑ ስም ብቻ ከጠፋ፣ ተራው የቴሌቪዥኑ ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ግንኙነት የሚቀበሉት የስክሪን ማጋሪያው ገጽ ተከፍቶ ሲጠብቅ ብቻ ነው፤ ገጹም በኤልጂ ስክሪን ሼር፣ በሃይሴንስ ኤኒቪው ካስት ይባላል። ስሙ እየታየ ግንኙነቱ ወዲያው የሚቋረጥ ከሆነ፣ ከዚህ ቀደም ቴሌቪዥኑ ፈቃድ ሲጠይቅ በስህተት ተከልክሎ ሊሆን ስለሚችል፣ በሴቲንግ ውስጥ የተፈቀዱና የተከለከሉ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይመልከቱ። ከላፕቶፑም በኩል የተመዘገበውን የቴሌቪዥን ስም አጥፍተው እንደ አዲስ ያገናኙ፤ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ካለም ለጊዜው ይዝጉት። ቴሌቪዥኑን በሪሞት ማጥፋት ብዙ ጊዜ ማስተኛት ብቻ ስለሆነ፣ ሶኬቱን ነቅለው ጥቂት ቆይተው ይሰኩት።

ከሁሉ የሚያደክመው ተገናኝቶ የሚቆራረጥ ምስል ነው። ላፕቶፑ በአንድ የዋይፋይ ካርድ ከራውተሩም ከቴሌቪዥኑም ጋር ስለሚነጋገር አቅሙ ይከፈላል፤ ራውተሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ሁሉ በዚያው ሞገድ ላይ ይጋፋሉ። ዋይፋዩን ሳያጠፉ ላፕቶፑን ከራውተሩ ብቻ ያላቅቁትና ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ቪዲዮ ያጫውቱ። መቆራረጡ ከቆመ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ መስመር ያዛውሩት። ካልቆመ ግን ላፕቶፑን ወደ ቴሌቪዥኑ ያቅርቡና በመካከላቸው ግድግዳ እንዳይኖር ያድርጉ።

ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከላፕቶፑ ከቀረ፣ በድምፅ ምልክቱ በኩል ቴሌቪዥኑን ይምረጡ። ሌላው ሁሉ እየታየ የአንድ የፊልም አገልግሎት ምስል ብቻ የሚጠቁር ከሆነ፣ ፊልሙ የቅጂ መከላከያ ስላለው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ፊልም በቴሌቪዥኑ በራሱ መተግበሪያ ወይም በኤችዲኤምአይ ገመድ ይመልከቱት።