ሽምብራንና ጥቁር አዝሙድን በጠቃሚ ፈንገስ አግዞ በእርጥበት እጥረት እንዴት ማምረት ይቻላል

ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ መረሬ አፈር ቋጥሮ ባቆየው እርጥበት የሚያድግ ሰብል ነው። ዝናቡ ቀድሞ በቆመበት ዓመት እርጥበቱ ከሥሩ ቀድሞ ወደ ታች ይሸሻል። ጥቁር አዝሙድ በመስመር መካከል ሲጨመርበት ደግሞ ተሻሚው ይበዛል። እዚህ ላይ የሚደርስልን ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ነው። ከሥሩ ጋር ተቆራኝቶ ከሥር ጸጉር የቀጠነ ድሩን ይዘረጋል፤ ሥሩ ከማይደርስባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ውኃና ፎስፈረስ ያመጣል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይመግበዋል። ዝናብን አይተካም፣ ያለውን እርጥበት ግን እንዳይባክን ያደርጋል።

ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ፈንገሱ በአቅራቢያዎ አለ። ግንቦት ላይ፣ ለዓመታት ካልታረሰ ሣር ወይም ከግራር ሥር፣ የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ከቀጫጭን ሥሮቹ ጋር ይውሰዱ። የታመመ ተክል ካለበት ቦታ ፈጽሞ አይውሰዱ። አንድ እጁን አፈር ከሁለት እጅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ከታች በተበሳ ከረጢት ይሙሉና ማሽላ ይዝሩበት። ዳፕም ሆነ ኤንፒኤስ የተባሉትን ፎስፈረስ ያለባቸውን ማዳበሪያዎች አይጨምሩ፤ ፎስፈረስ የጠገበ ተክል ፈንገሱን አያስጠጋም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ማሽላው ሦስት ወር ሲያልፈው ከረጢቱን ከዝናብ ከልለው ውኃ ይከልክሉት። ፈንገሱ ተክሉ መጠውለጉን ሲያውቅ ለክፉ ቀን የሚሆነውን ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራባበትን ቅንጣት፣ ያከማቻል። ከአሥር ቀን በኋላ አገዳውን ቆርጠው ይጣሉ፤ ሥሩን ከትፈው ከአፈሩ ጋር ያዋህዱ። ይህ እርሾዎ ነው፤ እስኪዘሩ በጥላ ያቆዩት።

መስከረም ላይ ማሳው ውኃ መቋጠሩን ሲያቆም፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ሽምብራ፣ አንድ መስመር ጥቁር አዝሙድ ያውጡ። እርሾውን ከዘሩ ሥር ያድርጉት፤ አዲሱ ሥር ሲወርድ ካልነካው አይሠራም። ሽምብራውን 5፣ አዝሙዱን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩ። በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘር ረዳትዎን ይጎዳዋልና አይጠቀሙ። ለሽምብራ የተዘጋጀ ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ካገኙ ዘሩን በጥላ ለውሰው በዚያው ቀን ይዝሩ፤ ይህ ናይትሮጅን የሚያዘጋጅ ባክቴሪያ ብዙ ፎስፈረስ ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ፈንገሱ ያቀርብለታል።

ፌጦን፣ ሰናፍጭንና ጎመንን በዚህ ማሳ አያስገቡ። ፌጦ ከየቤታችን የማይጠፋ መድኃኒት ቢሆንም ከዚህ ፈንገስ ጋር ወዳጅነት የለውም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ሽምብራ በጥንቃቄ ነቅለው የሥሩን እባጭ ይሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው። ፈንገሱ ግን በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እርሾ ያልተደረገባቸው ጥቂት መስመሮች ያስቀሩና ቀትር ላይ ቀድሞ የሚጠወልገው የቱ እንደሆነ ያነጻጽሩ።

አጨዳ ሲደርስ ሽምብራውን እንደ ልማዳችን አይንቀሉት። በማጭድ ቆርጠው ሥሩን በመሬት ይተዉት፤ ለሚመጣው ዓመት እርሾው እዚያው ይቆያል። ደጋግሞ ማረስም ድሩን ይበጣጥሰዋልና የእርሻውን ዙር ይቀንሱ።