የጥገና መመሪያን በጊት እንዴት መያዝ ይቻላል

በገላን፣ በዱከም ወይም በሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ጥገና ክፍል የምትሠሩ ከሆነ፣ የጄኔሬተሩ መመሪያ በየኮምፒውተሩና በየፍላሹ ተበትኖ የቱ የቅርቡ እንደሆነ ሲጠፋ ታውቁታላችሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ኮድ ብሎ የሠራው ጊት፣ ማለትም የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም፣ ይህን ችግር ይፈታል።

መጀመሪያ ጽሑፉን ከዎርድ አውጥታችሁ ማርክዳውን (ርዕስና ዝርዝር በቀላል ምልክት የሚታይበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጉት። የዎርድ ፋይል ውስጡ የታመቀ ስለሆነ ጊት መቀየሩን እንጂ ምኑ እንደተቀየረ አያሳያችሁም።

ቀጥሎ ያለውን አደራ አትዝለሉት፦ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ አዲስ መስመር ጀምሩ። ጊት ለውጥን የሚያወዳድረው በመስመር ነው። አንቀጹ በሙሉ አንድ መስመር ከሆነ «በየ250 ሰዓቱ ዘይት ይቀየር» የሚለው ወደ 200 ሲወርድ አንቀጹ ሁሉ የተነካ ይመስላል። ዓረፍተ ነገሩ ለብቻው ከቆመ ግን «ጊት ዲፍ» ስትሉ የነበረው በቀይ፣ የገባው በአረንጓዴ ሆኖ ያቺው መስመር ብቻ ትወጣለች። ሲታተም ማርክዳውን መስመሮቹን መልሶ ስለሚያያይዛቸው ገጹ አይበላሽም። አጻጻፍ ላይም ተስማሙ፤ አንዱ «ኃይል» ሌላው «ሀይል» ካለ ጊት ሁሉንም እንደ ለውጥ ይቆጥረዋል።

ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ «ጊት ኢኒት» በሉ (ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ለምሳሌ git init)፤ ጊት ፎልደሩን መከታተል የሚጀምረው በዚህ ነው። የፋይሉ ስም አማርኛ ሆኖ በቁጥር ተዘርዝሮ ከመጣባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፤ «ኮር.ኮውትፓዝ» (core.quotepath) የሚባለውን ቅንብር «ፎልስ» አድርጉት።

ባረማችሁ ቁጥር የሚመዘገበውን ለመምረጥ «ጊት አድ»፣ ከዚያ ከነመልእክቱ ታሪኩ ላይ ለመመዝገብ «ጊት ኮሚት» በሉ። መልእክቱ ላይ ምክንያቱን ጻፉ። «ተስተካክሏል» ማንንም አይረዳም፤ «ዘይቱ ቶሎ ስለሚቆሽሽ ከ250 ወደ 200 ሰዓት ዝቅ ተደርጓል» የሚለው ግን ከዓመት በኋላ ለሚመጣው ቴክኒሽያን ትልቅ ነገር ነው።

ኮሚት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሙሉ ታሪኩ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ «ፑሽ» ታደርጋላችሁ፤ ማለትም ኮሚቶቹን ወደ ጋራ ማከማቻው ትልካላችሁ። ጨርሶ ከሌለም ፍላሽ ላይ «ቤር» (bare) የሚባለውን፣ ታሪኩን ብቻ የሚይዝ ማከማቻ ፍጠሩና እዚያ ፑሽ አድርጉ፤ ባልደረባችሁ ከፍላሹ «ፑል» ያደርጋል፣ ማለትም ለውጡን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ይወስዳል። ፍላሹ ቢጠፋ እንኳ ቅጂው በሁላችሁም ዘንድ አለ።

መመሪያው ታትሞ ጄኔሬተር ክፍል ከመለጠፉ በፊት በ«ጊት ታግ» የእትም ስም ስጡት፣ ያንኑ ስም ከገጹ ግርጌ ጻፉ። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የቆየ መሆን አለመሆኑ በዚያ ይታወቃል።